ወደ ጫሞ የወረድንባቸው እሑዶች

ባለፈው ሳምንት ሲቀላ መናኸሪያ አጠገብ ከባጃጅ ስወርድ የአሳ ጥብስ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። አርባ ምንጭ ውስጥ ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ የአሳ ሽታ የማይወድ ሰው ሌላ ከተማ ይፈልግ። ይኸኛው ግን ዘይቱ የተደጋገመ፣ ሎሚ የበዛበት፣ ዳር ዳሩ ትንሽ ያረረ ነበር። እግሬ ቀጥ አለ። ባለባጃጁ "እማማ፣ መልስዎን አይወስዱም እንዴ?" እያለ ይጣራል፤ እኔ እንደገና ሃያ ምናምን ዓመት የሞላኝ ሴት ሆኜ፣ ልጄን አዝዬ፣ ጫሞ ሐይቅ ዳር ቆሜያለሁ። ሰው ሁሉ እያየኝ ፈገግ ይላል፣ እኔም እስቃለሁ። የድሮ ሽታ ሲያገኘው ደስ የሚለው ሰው አለ ሲባል እሰማለሁ። እኔ ግን ልገዛ የወጣሁትን ቲማቲም ሳልገዛ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

ነገሩን አንጠልጥዬ አላቆየውም፤ መደበቅ ሰውን ምን እንደሚያደርገው አውቃለሁና። ስለ አንድ ክረምት ነው የማወራው። በዚያ ክረምት፣ ከእኛ በላይ ተራራው ላይ ባለችው ጨንቻ፣ እናቴ ሞተች። ሲቀላ ያሉ ጎረቤቶቻችን በሙሉ ያውቁ ነበር፤ የማላውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። እንደዚያ ክረምት ተደስቼም አላውቅም።

ዘመኑን እንዲህ ነበር እንዲያ ነበር ብዬ አልተነትነውም። ስብሰባ ይበዛ ነበር፣ ሰው በስብሰባው መሃል ያዛጋ ነበር፤ በቃ። እኔ የማስታውሰው ሌላ ሌላውን ነው። ያኔም ከተማችን እንደዛሬው ሁለት ቁራጭ ነበረች፤ ላይ ሴቻ፣ ታች ሲቀላ። በመካከላቸው አሁን ሆቴልና ባንክ የተደረደረበት መንገድ ግን ቁጥቋጦ ብቻ ነበር፤ ዝንጀሮዎች ተቀምጠው አላፊ አግዳሚውን ይታዘባሉ። አንድ እጅ ሙዝ በስሙኒ ይገዛል። ማንጎ የሚገዛ ሰው ይሳቅበታል፣ ከዛፉ ስር ማንሳት ነው እንጂ። ቤታችን ከመናኸሪያው ጀርባ ያለ ባለ ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት ነበር። ማንጎ ቆርቆሮው ላይ ዷ ብሎ በወደቀ ቁጥር ልጄ ምሕረት ትባንናለች፣ ባሌ አስናቀም ጣሪያውን ቀና ብሎ እያየ "ቀስ በይ እንጂ! ሕፃን አለ!" ብሎ ዛፏን ይቆጣል። አሁን ዛፏ የለችም። ቦታው ላይ የሞባይል መጠገኛ ሱቅ አለ።

አስናቀ የጎጃም ሰው ነው። መጀመሪያ የተመደበው ጨንቻ ነበር፤ እዚያ ሒሳብ ሲያስተምር ተዋወቅን፣ ተጋባን፣ ወደ አርባ ምንጭ ሲዛወር ተከትዬው ወረድኩ። ቡናማ ተርጋል ሱሪ ነበረው፤ ታቹ ሰፊ ስለሆነ ጭቃውን ሁሉ ይጠርግ ነበር። አፍሮውን የሚያበጥርበትን ማበጠሪያ ከኋላ ኪሱ አይለየውም። እኔ የሸማኔ ልጅ ነኝ። ቤታችን ውስጥ የሚነገረው ጋሞኛ ነው፤ አማርኛ ያገኘሁት ከትምህርት ቤትና ከገበያ ነው። አስራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ፣ መጽሐፍ አነባለሁ፣ ሰው ፊት ስናገር ግን ወንዱን ሴት፣ ሴቷን ወንድ አደርጋለሁ። "እትዬ ወይንሸት መጣ" ስል አስናቀ በሳቅ ይንከተከታል። "የት መጣ? ሱሪውን አጥልቆ?" ይለኛል። እኔም እንዳልተናደደ ሰው አብሬው እስቃለሁ።

እትዬ ወይንሸት ጎረቤታችን ናት። ባሏ የመንግሥት ሹም፣ እሷ ደግሞ የደሴ ሰው፣ ድምፅዋ ከበር የሚቀድም፣ ልቧ ሰፊ። ምሕረትን ስወልድ አዋላጇን የጠራች እሷ ነበረች። እናቴም ከጨንቻ ወርዳ አረሰችኝ። እናቴን ያየ ሰው ቁጭ ብላ አይቻታለሁ ሊል አይችልም። እጇ ላይ ጥጥ ከሌለ እንሰት አለ፤ እንሰት ከሌለ ገብስ አለ። የደጋ ሰው ስለሆነች የሲቀላ ሙቀት ያንገበግባታል፣ የወባ ትንኝ ይበላታል፣ እሷ ግን እየሳለች ጓሮ ትኮተኩታለች። "እማዬ፣ እባክሽ እረፊ" እላታለሁ በቋንቋችን። "ቶራ የሚሸምነውን ማን ይፍተልለት?" ትለኛለች። ቶራ ታላቅ ወንድሜ ነው፤ ሸማኔ ነው፣ እሷ ከፈተለችው ክር በቀር አይሸምንም። አስናቀም ይህን የየቀኑን ጭቅጭቅ ለመደው። "እናትሽ ዛሬም አላረፉም?" እያለ ከትምህርት ቤት ሲገባ ይጠይቀኛል። እንግዲህ ማረፍ የሚለው ቃል ቤታችን የገባው በዚህ በር ነው።

እማዬ ወደ ጨንቻ ስትመለስ ቀጠሮ ሰጠችኝ። "ልጅቷ መቀመጥ ስትችል ለመስቀል ይዘሻት ነይ። ራስሽን እኔ ቅቤ እቀባሻለሁ፣ ገበያ አወጣሻለሁ፣ ሰው ይመርቅሽ" አለችኝ። በእኛ ሀገር መስቀል የዓመቱ ሁሉ ነገር ነው። ቀልድ አይደለም፤ ሴት ልጅ ወልዳ በመስቀል ገበያ በእናቷ እጅ ካልታየች ወለደች አይባልም። አዲስ ነጭ ቀሚስ እንዲሸምንልኝ ለቶራ ነግራው ኖሮ በሰው ላከልኝ። ጥለቱ ቀይና ጥቁር ነበር።

ሐምሌ ላይ፣ አንድ ከሰዓት፣ ዝናቡ ገና ሲያባራ አስናቀ ገባ። መናኸሪያ ላይ ከጨንቻ የመጣ ሰው አግኝቶ ነበር። አልተቀመጠም። ምሕረትን እያጠባሁ ነበር። ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ ቆሞ፣ ጎጃሜ ለትልቅ ሰው በሚናገርበት ቃል ነገረኝ።

"ዘነበች… እናትሽ አረፉ።"

"እሰይ!" አልኩት። "እሰይ! ተመስገን! ማን አስገደዳት? ቶራ ነው አይደል?"

"ምን አልሽ?"

"ስንት ጊዜ ለመንኳት እኮ! አሁን ትተኛ። እንሰቱን ሌላ ሰው ይፋቀው።"

አስናቀ ወንበሩ ላይ ዘጭ አለ። ፊቱን በባርኔጣው ሸፈነ። ቀኑን ሙሉ ስብሰባ ላይ ውሎ የደከመው መሰለኝ። "አንተም እረፍ" አልኩት፣ ልጄን ወደ ሌላው ጡቴ እያዞርኩ።

ማንም በአማርኛ አፉን የፈታ ሰው እንዲህ አይሳሳትም፤ አውቃለሁ። ሹም ሲሞት አረፉ፣ ቄስ ሲሞት አረፉ፣ የሰፈር እድር ጡሩንባ ሲነፋ አረፉ። እኔ ባደግሁበት ቤት ግን እረፍት እረፍት ነው፣ ሞትም ሞት ነው። በመጽሐፍ ላይ እንዲህ ተጽፎ ባየው ይገባኝ ነበር ይሆናል። ያ ቃል ግን ቤታችን ውስጥ በየቀኑ የምንጫወትበት ቃል ነበር። የራሳችንን ጨዋታ ነው የሰማሁት።

የቀረውን ሁሉ ከጊዜ በኋላ የነገረኝ አስናቀ ራሱ ነው። በዚያች ሰዓት ደግሞ ሊነግረኝ አፉን ከፈተ፤ ፊቴን አየ፣ አቃተው። ወደ እትዬ ወይንሸት ሄደ። "ነገርኳት፤ ደስ አላት" አላት። እሷም አማተበች። "እግዜር ነው ጆሮዋን የደፈነላት!" አለችው። "የምታጠባ ሴት መርዶ አይነገራትም፣ ወተቷ ይደርቃል። ልጅቷ እህል እስክትቀምስ ተዋት።" በእሷ ሀገር እንደዚያ ነው፤ መርዶ ቀን ይመረጥለታል፣ አራስም ሆነች ነፍሰ ጡር ትሸሸጋለች፣ ሰው ሁሉ ይተባበራል። ይህ ፍቅር ነው። በእኛ ሀገር ደግሞ ለቅሶ አደባባይ ላይ ነው፤ ሴት ልጅ ሕፃን ታቅፋም ቢሆን፣ በቃሬዛም ቢሆን ትመጣለች፣ የመጣም ያልመጣም በሰው ሁሉ ፊት ይታያል። ይህም ፍቅር ነው። ሁለቱ ፍቅሮች በእኔ ላይ ተጋጩ።

አስናቀ በማግስቱ "ጨንቻ ትምህርት ቤት ስብሰባ አለብኝ" ብሎ ብቻውን ወደ ቀብሩ ወጣ። ቶራ በገበያ አማርኛው "እህቴስ?" ብሎ ሲጠይቀው፣ "ነግሬያታለሁ፣ ሕፃን ይዛ በዚህ ዝናብ እንዴት ትምጣ" አለ። ነግሬያታለሁ ብሎም በሽማግሌዎች ፊት ማለ። ውሸቱን አልነበረም። ሲመለስ ሱሪው እስከ ጉልበቱ፣ ጫማው እስከ ማሰሪያው ቀይ ጭቃ ሆኖ ነበር። ተቀብዬው ጫማውን አጠብኩለት። የእናቴን መቃብር ጭቃ እየተሳደብኩ ያጠብኩት እኔ ነኝ።

ከዚያ እሑዶቹ ጀመሩ። ከዚያ በፊት አስናቀ እሑድ ደብተር ሲያርም ነው የሚውለው። አሁን ግን "ተነሺ፣ ጫሞ እንውረድ" ማለት አመጣ። አሳ ነጋዴዎች ባዶ ሳጥን ጭነው በሚወርዱበት ፒክአፕ ከኋላ እንሳፈራለን፤ እትዬ ወይንሸትና ባሏ፣ ሁለት ሦስት መምህራን፣ እኔ ጋቢና ውስጥ ከነልጄ። "አራሷ ጋቢና!" ይላሉ ሁሉም፤ አራስነቴ ካለፈ ስንት ጊዜው! ሐይቁ ዳር አሳ አጥማጆቹ ጀልባቸውን ጎትተው ያወጣሉ። ትልልቆቹ ወፎች፣ ይብራዎቹ፣ አፋቸውን ከፍተው ትርፍራፊ ይጠብቃሉ። ወዲያ ማዶ ውሃው ውስጥ ጉማሬ ይተነፍሳል። አሳው እዚያው በትልቅ ብረት ድስት ይጠበሳል፣ ሎሚ ይጨመቅበታል፣ ከሚያቃጥል ዳጣና ከዳቦ ጋር በጋዜጣ ይቀርባል። ከመምህራኑ አንዱ ባትሪ የሚበላ ቴፕ ነበረው፤ ባትሪው ሲደክም ዘፋኙም አብሮ ይደክማል፣ ድምፁ ይጎተታል፣ በሳቅ እንፈርሳለን። አስናቀ ሰማያዊ ነጠብጣብ ያለው ቀሚስ ገዛልኝ። ሻርፕ ገዛልኝ። አንድ ቀን ፎቶ አንሺ ከሴቻ ድረስ አምጥቶ አስነሳን።

እንደዚያ የተወደደች ሴት በሲቀላ አልነበረችም። ሙዝ ሻጯ ሳንቲም ልትቀበለኝ አትፈልግም፤ "ተይው፣ ለልጅሽ ነው" ትለኛለች። እትዬ ወይንሸት አጥሚት ሳታመጣ አትውልም። ደጄ ላይ ሴቶች ሲያወሩ ደርሼ ዝም ካሉ፣ ስለ እኔ ውበት የሚያወሩ ይመስለኝ ነበር። እግዜር ያሳያችሁ፣ ስለ ውበቴ! ልጄ ወፍራ ጉንጯ ሊፈነዳ ደረሰ። እኔም ወፈርኩ። ወተቴ ከቀሚሴ አልፎ ይንጠባጠብ ነበር፣ እትዬ ወይንሸትም ይህንን እያየች አስናቀን በዓይኗ ትጠቅሰዋለች፤ አየህ፣ ማለቷ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ነበር ልብ ያላልኩት። ጉዟችን ሁሉ ወደ ታች ነው። ወደ ላይ፣ ወደ ጨንቻ የሚወስደውን መንገድ የሚያነሳ ሰው የለም። "እማዬን ልያት" ስል መንገዱ ተናደ፣ መኪና የለም፣ ብርዱ ለሕፃን አይሆንም ይሉኛል። እውነትም ክረምት ነው፣ ተራራው በጉም ተሸፍኗል። ሐይቁ ዳር ተቀምጬ ያንን ጉም አሻግሬ እያየሁ "አሁን እማዬ እሳት ዳር አርፋ ተቀምጣለች" እላቸው ነበር። የዚያን ጊዜ አስናቀ ተነስቶ ወደ ጀልባዎቹ ይሄዳል። አሳ ሊመርጥ የሄደ ይመስለኛል።

አሁን የማልችለው ይህንን ነው። ለቅሶ ሰው ይችላል፤ ስንቱን ቀብሬያለሁ። ያንን ደስታ ግን የት ላስቀምጠው? የውሸት ደስታ አልነበረም። በእውነት ደስ ብሎኝ ነበር። ልጄ የመጀመሪያ ጊዜ እየሳቀች ውሃ የመታችው በዚያ ሐይቅ ዳር ነው፤ እናቴ ከተቀበረች ሁለተኛ እሑዷ ነበር። የልጄን ሳቅ ባሰብኩ ቁጥር የእናቴ ሬሳ አብሮ ይመጣል። አንዱን ትቼ ሌላውን ላስታውስ አልችልም፣ ሞክሬዋለሁ።

ለመስቀል ሊነግሩኝ ተማክረው ነበር አሉ። ግን አስናቀ ለሥራ ወደ ሶዶ ተላከ፣ ሁለት ቀን ብሎ ሳምንት ቆየ። እኔ ደግሞ ቀጠሮ አለብኝ። ምሕረት መቀመጥ ችላለች። እትዬ ወይንሸት ከነቤተሰቧ ለደመራ ስትወጣ ቀሚሴን ለበስኩ፣ ራሴን ራሴው ቅቤ ተቀባሁ፤ እማዬ ትስቅብኝና እንደገና ትቀባኛለች ብዬ። ለልጄ ቀይ ሪባን አሰርኩላት፣ ወደ ጨንቻ በሚወጣ አይሱዙ ተሳፈርኩ። መንገዱን ሙሉ ስዘፍን ነው የወጣሁት። የመኪናው ሰዎች አጨበጨቡልኝ።

ገበያው ሞልቷል። ሙሽሮች ቅቤ ተቀብተው ይዞራሉ፣ ሴቶች እልል ይላሉ። እኔም ልጄን ከፍ አድርጌ "ሳሮ! ሳሮ!" እያልኩ ገባሁ፤ ሰላም ነው፣ ሰላም ነው ማለት ነው። መጀመሪያ ያየችኝ የአክስቴ ልጅ ነበረች። እልልታዋ አፏ ላይ ቀረ። ከዚያ ከአጠገቧ ያለችው፣ ከዚያ ወዲያ ያለችው። ማንም "ሳሮ" ብሎ አልመለሰልኝም። ጀርባቸውን እየሰጡኝ መንገድ ለቀቁልኝ። ደንግጬ ፈገግ እንዳልኩ ቆምኩ። ቶራ ሰው እየገፋ መጣ። ራሱን ተላጭቷል።

"አሁን ነው የምትመጪው?" አለኝ። "በቅቤ ነው የምትመጪው?"

"እማዬስ?" አልኩት። "እማዬ የት አለች?"

የቀለድኩበት መሰለው። እጁን አነሳ፣ ልጄን አየና መልሶ አወረደው። "ከሐምሌ ጀምሮ አፈር ውስጥ ናት፣ ባልሽም ነግሬያታለሁ ብሎ ምሏል" አለኝ። ከዚያ ወዲያ የማስታውሰው ጓሯችንን ነው። ከእንሰቶቹ ጀርባ መቃብሯ ላይ ሣር በቅሎ፣ ሣሩም ረዝሞ ነበር። አንዲት አሮጊት ራሴ ላይ ያለውን ቅቤ በእንሰት ቅጠል ትጠርግልኛለች። ልጄ ትጮሃለች። ወተቴ በሦስተኛው ቀን ደረቀ። ያ ሁሉ ሰው የደከመለት ወተት ደረቀ፣ ምሕረት በቆርቆሮ ወተት አደገች።

በእኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር ጎሜ ይባላል። የተከለከለ ነገር ስትሠራ በአንተም በዘመድህም ላይ መዓት ይመጣል፤ የሚፈታው ጥፋተኛው በሽማግሌ ፊት ሲናዘዝ ነው። ከእናቷ ለቅሶ የቀረች ልጅ ጎሜ አለባት። ስለዚህ አስናቀ ከሶዶ ሲመለስ ይዤው ወጣሁ። ሽማግሌዎቹ እርጥብ ሣር ይዘው ተቀምጠዋል፤ ቶራም ይዟል፣ ለመታረቅ መጥቷል ማለት ነው። እነሱ አማርኛ አይሰሙም፣ አስናቀ ጋሞኛ አይሰማም። አንድ ወታደር ቤት አማርኛ የተማረ የሰፈራችን ሰው አስተርጓሚ ሆነ። እኔ እስክጠየቅ አልናገርም፤ ሥርዓቱ ነው።

"እናቷ ማረፋቸውን ነግሬያታለሁ" አለ አስናቀ።

"እናትሽ ሞተች ብዬ ነግሬያታለሁ ይላል" አለ አስተርጓሚው በጋሞኛ። ታዲያ ምን ይበል? ትክክል ነው የተረጎመው።

"እሷስ ምን አለች?" አሉ ትልቁ ሽማግሌ።

አስናቀ መዋሸት አይችልም። "እሷማ… እሰይ አለች። ግን እኮ አልገባትም!"

አስተርጓሚው ዞር ብሎ አየኝ። "እሰይ አለች፣ ግን አልገባትም ይላል።"

ትልቁ ሽማግሌ የያዙትን ሣር ጭናቸው ላይ አኖሩ።

"ነግረሃታል?" አሉ ሽማግሌው።

"ነግሬያታለሁ።"

"ሰምታሃለች?"

"ሰምታኛለች።"

"ታዲያ ያልገባት ምንድን ነው? ሞት ነው ያልገባት?"

ዞረው እኔን ጠየቁኝ። ቀኑን ሙሉ ያዘጋጀሁት ንግግር ጠፋኝ፣ በገዛ ቋንቋዬ የመጣልኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር። "እረፍት መስሎኝ ነው" አልኩ።

"የእናትሽ ሞት እረፍት መሰለሽ?" አሉኝ ሽማግሌው፣ በቁጣ አይደለም፣ በሐዘን። ቶራ ሣሩን መሬት ላይ ጥሎ ተነስቶ ሄደ። ከዚያ ወዲያ የአማርኛውን ቃል ብፈታው ማን ይሰማኛል?

አስናቀ በሌላው ዓመት ለብቻው ወጥቶ "ጥፋቱ የእኔ ነው፣ አልነገርኳትም፣ ዋሽቼ ነው የማልኩት" አላቸው። ለእኔ ብሎ ነው። "የዋሸኸው ያኔ ነው ወይስ አሁን?" አሉት። ባርኔጣውን አድርጎ ወረደ። ከዚያ በኋላ ያ ሰው ሐይቁን አላነሳብኝም፤ እሑድ እሑድ ደብተሩን ያርማል። ይቅር ብዬው እንደሆነ ምሕረት አንዴ ጠይቃኛለች። የበደለህ ሰው ክፉ ሲሆን ይቀላል፤ ደግ ሰው ከደግነቱ የተነሳ ያደረገብህን ለማን ትከሳለህ? ስኳር ይዞት ብዙ ተሰቃይቶ ሞተ። እስከ መጨረሻው እግሩን ያጠብኩት እኔ ነኝ። ይቅር አልኩህ የሚለው ቃል ግን አፌ ላይ አልመጣም፣ እሱም አልጠየቀኝም።

አማርኛን እንደ ባላንጣ ተማርኩት። መምህርት ሆኜ ሲቀላ ውስጥ ልጆችን ሳስተምር ጡረታ ወጣሁ፤ ያስተማርኩትም አማርኛ ነው። ዛሬ ወንድና ሴት የማያሳስተኝ፣ የጎጃም ሰው የማርም ሴት ነኝ። ለምን እንደሆነ የገባው ሰው የለም። ቶራን መናኸሪያ ላይ አየው ነበር፤ የሸመነውን ሊሸጥ ሲወርድ ትከሻው ላይ ጋቢ ደርድሮ። "ሳሮ" እለዋለሁ። እንዳልሰማ ያልፋል። ከልጆቹ ሁለቱ ሲሞቱበት የእኔ ጎሜ ነው ተባለ፤ እሱም አምኗል፣ እኔም አንዳንድ ቀን አምናለሁ። ከእጄ ውሃ እንኳ ሳይቀምስ ሁለታችንም አረጀን። ቢሆንም እሱ በሕይወት እስካለ ድረስ አንድ ቀን ሣር ይዞ ይቀመጣል እል ነበር። የምጠብቀው ይህንኑ ብቻ ነበር።

ዘንድሮ ልጁ ደወለልኝ፣ አባቱ መሞቱን በጋሞኛ ነገረኝ። ምሕረት ከሐዋሳ መጥታ በመኪናዋ ይዛኝ ወጣች። እሷ ጋሞኛ አትሰማም፤ እኔ ነኝ ያላስተማርኳት። አሁን መንገዱ አስፋልት ነው፣ ልጄ አንድ ሙዚቃ ሳትጨርስ ደረስን ብትሉ ያስኬዳል። ለቅሶው አደባባይ ላይ ነበር፣ እንደ ድሮው። ነጠላዬን አዘቅዝቄ ከሴቶቹ መሃል ገባሁ። ለወንድሜ ላለቅስ ነበር የሄድኩት። አፌን ስከፍት የወጣው ግን የእናቴ ስም ነው። እማዬ እያልኩ፣ ስሟን እየጠራሁ፣ የፈተለችውን፣ የፋቀችውን፣ የሳለችውን እየቆጠርኩ ደረቴን መታሁ። ያ ሁሉ ዓመት የት ተቀምጦ እንደነበር አላውቅም። ዙሪያዬ ያሉት ወጣት ሴቶች ግራ ገባቸው፤ እናቴን የሚያውቃት የለማ። ከመሃላቸው አንዲት ጠና ያለች ሴት እጄን ያዘች። ሰው ሊያስቀይም የፈለገች አልነበረችም። በጆሮዬ ቀስ ብላ ተናገረችኝና ወደ ዳር አውጥታ ድንጋይ ላይ አስቀመጠችኝ። ለቅሶው ያለእኔ ቀጠለ።

ምሕረት ውሃ ይዛ መጣች። "እማ፣ ሴትዮዋ ምን አለችሽ?" አለችኝ።

"ዛሬ የቶራ ለቅሶ ነው፣ የእናትሽ አልቋል አለችኝ" አልኳት።